ጥይቱን ትቶ ማንበብ፦ የማላላ ግለ ታሪክና የአዲስ አበባ የቤት ሠራተኞች የማታ ትምህርት

የማላላ ዩሱፍዛይ ግለ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2013 ከታተመ ጀምሮ በአንድ ክስተት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2012 በሰሜን ምዕራብ ፓኪስታን፣ ሚንጎራ በምትባል ከተማ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጃገረዶችን የጫነች መኪና በታጠቁ ሰዎች ተገታች። አንዱ ታጣቂ የ15 ዓመቷን ተማሪ በስሟ ጠይቆ ጭንቅላቷ ላይ ተኮሰ፤ ሁለት ጓደኞቿም ቆሰሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ መጽሐፉ ሲነሳ ወሬው ከዚህ ቅጽበት ብዙም አይርቅም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከመጻሕፍት አዟሪዎች የእንግሊዝኛውን ቅጂ ገዝቶ ያነበበውም፣ መጽሐፉን ሳይገልጥ በወሬ ብቻ የሚያውቀውም እኩል የሚያስታውሱት ጥይቱንና ከጥይቱ መትረፏን ነው።

ይህ አነባበብ ስሕተት ነው ባይባልም ለእኛ ግን ከሚገባው በላይ ይመቸናል። አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ባለ ትምህርት ቤት በር ላይ ሴት ልጅ እንዳትገባ ጠመንጃ ይዞ የቆመ ሰው ስለሌለ፣ መጽሐፉን የሰው አገር ችግር አድርገን አዝነን እንዘጋዋለን። በዚህ ከተማ መሐል ከትምህርት የቀረች ልጃገረድ ግን አለች። የቀረችውም ትምህርትን በሚጠላ ሰው ምክንያት ሳይሆን፣ ለገዛ ልጆቹ ከፍተኛ የትምህርት ቤት ክፍያ በሚከፍል፣ ስለ ትምህርት ጥቅም ማንም በማይነግረው ሰው ቤት ውስጥ፣ ወጥ ቤት ሆና ነው። የማላላ መጽሐፍ ለአዲስ አበባ አንባቢ የሚጠቅመው ከተኩሱ ገጾች ይልቅ ብዙዎች በሚያልፏቸው ገጾች ነው ብዬ የማምነውም ስለዚህ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ማላላ እ.ኤ.አ. በ1997 በስዋት ሸለቆ ተወለደች፤ አባቷ ዚያውዲን የግል ትምህርት ቤት መሥርቶ ያስተዳድር ነበር። በአካባቢው የነበሩት ታሊባኖች ከጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ጀምሮ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት እንዳይሄዱ ሲያውጁ፣ የ11 ዓመቷ ልጅ በብዕር ስም ለቢቢሲ የኡርዱ አገልግሎት የዕለት ማስታወሻ መጻፍ ጀመረች። ከጥቃቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ታክማ ዳነች፤ 16ኛ ዓመቷን በያዘችበት ቀን በተባበሩት መንግሥታት ንግግር አደረገች፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ከሕንዳዊው የሕፃናት መብት ተሟጋች ካይላሽ ሳትያርቲ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማትን በ17 ዓመቷ ተጋራች። መጽሐፉን የጻፈችው ከእንግሊዛዊቷ ጋዜጠኛ ክሪስቲና ላምብ ጋር ነው። በስሟ የተቋቋመው የትምህርት ድጋፍ ድርጅት ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷም ኢትዮጵያ ናት።

አንባቢ ከሚያልፋቸው ገጾች አንዱ የእናቷ ታሪክ ነው። እናትየው በስድስት ዓመቷ ትምህርት ቤት ብትገባም በመንደሩ የሚማሩት ወንዶች ብቻ ስለነበሩ፣ የአክስትና የአጎት ልጆቿም እቤት ሲጫወቱ እርሷ ብቻ ክፍል መቀመጡ ስላልጣማት፣ መጽሐፎቿን በጥቂት ሳንቲም ሸጣ ከረሜላ ገዛችበት። ያስገደዳትም የከለከላትም አልነበረም፤ ለምን ተውሽ ብሎ የጠየቃትም የለም። ልጅቷ በተመታችበት ቀን እናትየው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበሩ፤ ማንበብ ለመማር የመጀመሪያ ትምህርታቸውን ሊጀምሩ። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ይህ ነው፤ በአዋጅ ያልተከለከለች፣ ግን ማንም ያልጠበቃት ልጅ።

ሌላው ደግሞ ከዚህም ይቆረቁራል። አባትየው መክፈል የማይችሉ ልጆችን፣ ከቆሻሻ መጣያ ላይ ጥራጊ ሲለቅሙ የሚውሉትን ጭምር፣ በነጻ ማስተማር ሲጀምር አንዳንድ ባለጸጋ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤቱ አወጡ። ምክንያታቸው ልጆቻቸው ቤታቸውን ከሚያጸዱና ልብሳቸውን ከሚሰፉ ሰዎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል መቀመጣቸው ነበር። እነዚህ ወላጆች ታሊባን አልነበሩም። ትምህርት ይወዱ ነበር፤ ለሴት ልጆቻቸውም ይከፍሉ ነበር። የቸገራቸው ትምህርቱ እስከ ሠራተኛዋ ድረስ መውረዱ ነው።

ከዚህ ገጽ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ መምጣት ሩቅ መንገድ አይደለም።

በከተማዋ አዳሪ የቤት ሠራተኛ ሆነው የሚኖሩ ልጃገረዶች አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። አመጣጣቸውም በብዙ መልኩ ይመሳሰላል። አንዷ ከአምስተኛ ወይም ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ስለራቀባት፣ ሌላዋ ሊድሯት ሲዘጋጁ አምልጣ፣ ሌላዋም በዘመድ በኩል «አዲስ አበባ ሄደሽ እየሠራሽ ትማሪያለሽ» ተብላ ትመጣለች። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑ የኢትዮጵያ ሴቶች 40 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳገቡ፣ ማንበብ የሚችሉ ሴቶች 42 በመቶ ሲሆኑ ወንዶች ግን 69 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል። ወደ አውቶቡስ ተራ የምትወርደው ልጅ የዚህ አኃዝ ሸሽታ የመጣች ክፋይ ናት ማለት ይቻላል። የተሰደደችው ከትምህርት ሳይሆን ወደ ትምህርት ነው። ነገሩን መራራ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ደላላው ሲያገናኛት፣ ተያዥ ሲጠራ፣ ደመወዝ ሲቆረጥ፣ ትምህርት የሚለው ቃል ከንግግሩ አይጠፋም። ቀጣሪዋም ቢሆን በቅን ልብ ነው ቃል የምትገባው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለማየት ግን ሕግ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ሰዓት መመልከት ይበቃል። ልጅቷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ቁርስ ታሰናዳለች፣ ምሳ ዕቃ ትሞላለች፣ ሕፃናቱን አልብሳ ሰርቪሱ እስኪመጣ በር ላይ ትቆማለች። ከዚያ ቤት ማጽዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ እንጀራ መጋገር ይከተላል፤ ቀትር ላይ ትንሹ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ይመለሳል። የማታ ትምህርት የሚሰጠው ከ11 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ነው። ይህ ሰዓት ልጆቹ ርቧቸው የሚገቡበት፣ ቀጣሪዋ ከሥራ ደክማ በታክሲ ሰልፍ ላይ የምትሆንበት፣ እራት የሚቀርብበት ሰዓት ነው። ልጃገረዷ ከትምህርት የምትቀረው በዚህች ሦስት ሰዓት በማትሞላ ክፍተት ነው።

ክልከላው እንኳ ክልከላ አይመስልም። «እትዬ፣ ዘንድሮ ልመዝገብ?» ትላለች መስከረም ሲቃረብ። «እስቲ ልጆቹ ትምህርት ይጀምሩና እናያለን» ትባላለች። ጥር ላይ ደግሞ ምዝገባው አልፏል። በሚቀጥለው ዓመት አራስ ቤት ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት አያት ታመው ይመጣሉ። በዚህ መሐል የተዋሸ ውሸት የለም፤ እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ነው። ሦስትና አራት እውነተኛ ምክንያቶች ግን ተደማምረው የአንዲትን ልጅ የትምህርት ዕድሜ ይጨርሳሉ።

ሌላም ብዙ ሰው የማያየው እንቅፋት አለ፤ ወረቀት። ስድስተኛ ክፍል ደርሳ የመጣች ልጅ ሰባተኛ ለመመዝገብ ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ መልቀቂያ ያስፈልጋታል። ከቤት ተደብቃ የወጣች፣ ወይም ትምህርት ቤቷ በጦርነቱ የተዘረፈባት ልጅ ይህን ከየት ታመጣለች? አንዳንዷ ያለፈችውን ክፍል ደግማ ከታች ትጀምራለች፤ አንዳንዷ ከልጅ ጋር አልቀመጥም ብላ ትተዋለች። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተካሄዱ ግጭቶች ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋና እንደተጎዳ ለሚያስብ ሰው፣ መልቀቂያ መጠየቅ ለእነዚህ ልጆች ቀላል የቢሮ ሥርዓት አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ከዚያ የመንገዱ ነገር አለ። የኮሪደር ልማቱ የፒያሳንና የአራት ኪሎን ዋና ዋና ጎዳናዎች በመብራት አጥለቅልቋቸዋል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ደብተር በፌስታል ይዘው የሚመለሱ ልጃገረዶችም በእርግጥ ተጠቅመውበታል። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ጉራንጉር ግን አሁንም ጨለማ ነው፤ ለከፋውም አልቀረም። በልማቱ ምክንያት ከመሐል ከተማ ወደ ዳር የተዛወሩ ቤተሰቦች ሠራተኞች ደግሞ መብራቱንም፣ በእግር የሚደርሱበትን የማታ ትምህርት ቤትም አንድ ላይ ትተው ነው የሄዱት።

ይህን ሁሉ ስል ቀጣሪዋን የታሪኩ ወንጀለኛ ማድረግ እንደማይገባ አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እርሷም ሴት ናት፤ ደመወዝተኛ ናት፤ የትምህርቷን ፍሬ የምትበላው ሌላ ሴት ልጆቿን ስለያዘችላት ነው። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ልጇን የምታስቀምጥበት ቦታ የላትም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ የነበረ ቢሆንም፣ ይህ በግል ድርጅት የምትሠራውን አይመለከትም ነበር። ባልየው በዚህ ሒሳብ ውስጥ የት ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ጨርሶ አይነሳም። ስለ ሴቶች ትምህርት ውይይት ሲደረግ ክርክሩ በቀጣሪዋና በሠራተኛዋ መሐል ብቻ ይቀርና፣ እራት የሚጠብቀው ሰው ጋዜጣውን እንዳነበበ ይቀመጣል።

ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የማውቀው አንድ ቤተሰብ ነገሩን የፈታው በንግግር ሳይሆን ምጣድና ድስት በማዛወር ነበር። ወጡ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ተሠርቶ ያልቃል፤ ምሽት ላይ የሚያሞቀውና የሚያቀርበው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የቤቱ ትልቅ ልጅ ነው፤ ዕቃው እስከ ጠዋት ያድራል። መጀመሪያ ላይ ልጁ ሽሮ ያሳርር ነበር፤ አያቱም ወንድ ልጅ ድስት ሲያማስል ማየት አልዋጥ ብሏቸው ሰንብተዋል። ሠራተኛዋ አምስተኛ ክፍል ገብታ አሁን ስምንተኛ ደርሳለች። ቤተሰቡ ከሌላው የተለየ ሀብት የለውም፤ የእራቱን ሥራ ከሠራተኛዋ ላይ አንስቶ ለሌላ ሰው መስጠቱ ብቻ በቅቶታል። ትዝብቴን ልጨምርና፣ እንዲህ ያለ ቤት ሲገኝ ሰዉ ቀጣሪዎቹን እንደ ጻድቅ ያወድሳቸዋል። ለአንዲት ታዳጊ ትምህርት መፍቀድ እንደ ጽድቅ የሚቆጠር ከሆነ መብት አይደለም ብለን ተስማምተናል ማለት ነው።

ሕጉም ቢሆን ይህን መብት አጥብቆ አልያዘውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ጉልበቱን ከሚበዘብዙ ልማዶች እንዲጠበቅ፣ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠራ እንዳይገደድ ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ የመቀጠሪያ ዝቅተኛ ዕድሜን ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎ፣ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩና ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠሩ ከልክሏል። መልካም ነው። ችግሩ አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጪ ማድረጉ ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ የምትመደበው ከዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ካፌ ውስጥ ስኒ የምታጥብ የ16 ዓመት ልጅ በሕግ የተገደበ የሥራ ሰዓት ሲኖራት፣ እዚያው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ስኒ የምታጥበው እኩያዋ ግን የላትም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ቤት ሠራተኞች የሥራ ሁኔታ ደንብ እንዲያወጣ ሥልጣን የተሰጠው ዛሬ አይደለም። ከዚህኛው በፊት የነበረው የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377ም ይህንኑ ይል ነበር፤ እርሱ እስከተሻረበት እስከ 2011 ድረስ ባሉት 15 ዓመታት ግን ደንቡ ሳይወጣ ቀረ። በመሐሉ የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቀጣሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች ቢኖሩትም፣ የተጻፈው ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ በሚፈቅድ ዘመን ነው። የጋብቻውን ዕድሜ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አድርጎታል፤ ጠለፋን ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን በማግባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ደፍኖታል። ልጃገረዷን ከትምህርት የሚያስቀሩ ሁለት ትልልቅ በሮች በሕግ ሲዘጉ ሦስተኛው፣ በየቤታችን ያለው፣ ሳይነካ መቆየቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ባል የሚሆነውንና ጠላፊውን መክሰስ ሌላውን ሰው መክሰስ ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው ስለ ቤት ሠራተኞች የሚደነግግ ስምምነት ቁጥር 189 ይህንን ነጥብ በቀጥታ ይነካዋል፤ ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ የቤት ሠራተኞች ሥራቸው ከግዴታ ትምህርት እንዳያስቀራቸው፣ ከዚያ በላይ ለመማር ያላቸውንም ዕድል እንዳያደናቅፍ መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ ይጠይቃል።

እዚህ አገር ያልተሞከረ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በመርካቶና በአካባቢው የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለ መርሐ ግብር ከትምህርት ውጪ የሆኑ፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡና በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ልጃገረዶችን በቀበሌ አዳራሾች እየሰበሰበ ፊደል፣ የጤና ዕውቀትና የኑሮ ክህሎት ያስተምር ነበር። ከሁሉ የማደንቀው ግን ልጆቹን የመለመለበትን መንገድ ነው። ማስታወቂያ ለጥፎ መጠበቅን ትቶ፣ ከዚያው ሰፈር የተመረጡ ሴት አስተማሪዎችን ቤት ለቤት አዞረ። በር ያንኳኳሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ከቀጣሪዋ ጋር ስለ ሰዓቱ ይደራደራሉ። ልጅቷ ብቻዋን ብትጠይቅ «እናያለን» የሚባለው ጥያቄ፣ የሰፈሩ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠይቀው መልሱ ይለያል። ቀጣሪዋ ይሉኝታ አለባት፤ የከተማዋን ሰው ከምንም ሕግ በላይ የሚያንቀሳቅሰው ይሉኝታ ደግሞ አንዳንዴ መልካም ሥራ ይሠራል።

በገጠር በኩል የተሞከረውም መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2004 በአማራ ክልል የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ልጃቸውን ሳይድሩ በትምህርት ላቆዩ ቤተሰቦች ሁለት ዓመት ሲሞላ በግ ይሰጥ፣ ደብተርና እስክርቢቶ ያቀርብ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች መርሐ ግብሩ ካልደረሳቸው እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ፣ የማግባታቸው ዕድል ደግሞ አንድ አሥረኛ ሆኖ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ጋብቻው በመርሐ ግብሩ ውስጥ ባሉት ላይ በዝቶ ታየ። በጉ ጋብቻውን አስቀረው ወይስ አዘገየው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ አብሮ ይነሳል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ቀጥላ የምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአቅራቢያዋ ከሌላት፣ ቤተሰቧ በእጁ የቀረው ምርጫ ሁለት ነው፤ መዳር ወይም ወደ ከተማ መላክ። የተላከችዋን በሚቀጥለው ሳምንት በር ከፍታ ታስገባናለች።

ከዚህ አንጻር ግለ ታሪክ የሚባለው የጽሑፍ ዓይነት ራሱ ትዝብት ላይ ይወድቃል። ባለፉት ዓመታት በአማርኛ የታተሙትን ግለ ታሪኮች ብናይ የሚበዙት የባለ ሥልጣናት፣ የጦር መኮንኖችና የዚያ የአብዮት ትውልድ ታጋዮች ናቸው። ሽጉጥ፣ እስር ቤትና ስብሰባ የበዛበት ሕይወት ለመጻፍ ይመቻል። ማላላንም ዓለም የሰማት ዘጠነኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት በማለፏ አልነበረም። ስለ ሴት ልጅ ትምህርት የተዋጉ የእኛ ሴቶች ታሪክ ግን አብዛኛው የሚካሄደው በጓዳ ነው። የከንባታዋ ቦጋለች ገብሬ ፊደል የቆጠረችው ውኃ ልትቀዳ የሄደች መስላ ከቤት እየተሰወረች ነበር። ኋላ አዲስ አበባ በአዳሪ ትምህርት ቤት ተምራ፣ በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አልፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ጋር ያቋቋመችው ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ከአካባቢዋ ለመንቀል በተደረገው ጥረት ስሙ በዓለም ተጠራ፤ እርሷም በ2012 ዓ.ም. አረፈች። ጥይት የለበትም፤ ያለው እንስራ ነው።

ከእርሷ በፊት የነበረችው ስንዱ ገብሩ በአውሮፓ ተምራ ተመልሳ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፋ፣ ታስራ ጣሊያን አገር ወደምትገኘው አዚናራ ደሴት ተግዛለች። ከነጻነት በኋላ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተውን የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት መርታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1957ም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆናለች። ያ ትምህርት ቤት ሲከፈት የነበረው ክርክር «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ከሚለው ተረት ብዙ የራቀ አልነበረም። ዛሬ ይህን ተረት በአደባባይ የሚናገር ሰው አይገኝም። ልማዱ ግን ለገዛ ልጃችን ሻርነው እንጂ ለሠራተኛችን እንዳለ አቆይተነዋል።

እዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ልመልሰው ስል ሳላቃልለው መሆን አለበት። ትምህርቱ ራሱ ምን ያህል ይጠቅማታል? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀን ሙሉ የሚማሩት እንዲህ ከሆኑ፣ ደክማ ማታ ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋው ልጅ ምን ልታተርፍ ነው? ጥያቄው እውነት አለው፤ የሚጠየቅበት ቦታ ግን ያጠራጥራል። ያንኑ የፈተና ውጤት በዜና የሰማች ቀጣሪ የገዛ ልጇን ከትምህርት ቤት አላወጣችም፤ አስጠኚ ቀጠረችለት እንጂ። ደግሞስ የማታ ተማሪዋ ዩኒቨርሲቲ ባትገባ፣ የሐኪም ማዘዣ ማንበብ፣ የምትፈርመውን ውል ማወቅ፣ በስልኳ ለእናቷ የላከችው ብር መድረሱን ራሷ ማረጋገጥ መቻሏ ትንሽ ነገር ነውን? ወደ አረብ አገር ለመሄድ ከሚሰለፉት መሐል ውሉን ማንበብ የምትችለውና የማትችለው ሴት የሚገጥማቸው ነገር አንድ አይደለም።

መንግሥት ከፈለገ እንደሚችልም ታይቷል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ በከተማ የሚቀሰቅሱት ቀበሌዎች ነበሩ፤ የቤት ሠራተኛዋን ወደ ትምህርቱ አለመላክ ለቀጣሪዋ የሚያሳፍር ነገር እንደነበር የዚያን ዘመን ሰዎች ያወሳሉ። ዘመቻው የራሱ አስገዳጅነትና የፖለቲካ ጥቅም ነበረው፤ ያንን አልናፍቅም። ነገር ግን የቤት ሠራተኛ ምሽት ላይ ከቤት የምትወጣበት ሰዓት የቀጣሪዋ ችሮታ ብቻ ያልሆነበት ጊዜ በዚች ከተማ ነበር።

አሁን የሚያስፈልገው ሌላ ዘመቻ አይመስለኝም። መልቀቂያ የሌላት ልጅ በምዘና ፈተና ደረጃዋ ታውቆ የምትመዘገብበት አሠራር ቢኖር፣ በየወረዳው ያሉ የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያዎች እንደ ብሩህ ተስፋ አስተማሪዎች በር ማንኳኳት ሥራቸው ቢሆን፣ መሐል ከተማ ላይ ቀን ከ8 ሰዓት የሚጀምር ፈረቃ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ቢሞከር፣ የእራቱ ሰዓትና የትምህርቱ ሰዓት መጋጨታቸው ቢያንስ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ግን ስለ ቤት ሠራተኞች የሚወጣው ደንብ ትምህርትን በመልካም ምኞት መልክ ሳይሆን በሰዓት ቆርጦ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ልጅቷ ከሥራ ነጻ እንደሆነች፣ ለዚያም ደመወዟ እንደማይቀነስ መጻፍ ይኖርበታል። ደንቡን የሚያረቁት ባለሙያዎች፣ አስተያየት የሚሰጡት ኃላፊዎችና ስለ እርሱ የምንጽፈው ሰዎች አብዛኞቻችን ቤታችን አዳሪ ሠራተኛ አለን፤ ስለ ዕረፍት ቀንና ስለ ሕክምና ወጪ የሚሉት አንቀጾች ሲነበቡ ተስማምተን ከቆየን በኋላ ክርክሩ የሚከርረው ስለ 11 ሰዓት ተኩል የሚናገረው አንቀጽ ላይ ሲደረስ ነው።